ሁለተኛው ናዳ፦ በተዳፋት መሬት መደርመስ አደጋ ጊዜ የጤና ባለሙያው ተግባርና ጥንቃቄ

መግቢያ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት በሀገራችን ከታወቁት የዚህ ዓይነት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በመላ ሀገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጇል። ለጤና ባለሙያ ከሟቾቹ ብዛት ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው ግን የአደጋው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የተንሸራተተው አፈር የሸፈነው ጥቂት ቤቶችን ብቻ ነበር። ይህን የሰማው የአካባቢው ሕዝብ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ ደረሰ። ሰዉ ተሰብስቦ በመቆፈር ላይ እንዳለ፣ ሐምሌ 15 ቀን ጠዋት፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ዳግመኛ ተደረመሰ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የመጀመሪያው ናዳ ያልነካቸው፣ ሌላውን ለማዳን የመጡ ሰዎች ነበሩ። የዞኑ አስተዳደር በወቅቱ እንደገለጸው ከእነርሱም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል።

በተራራማ አካባቢ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከጁገል ግንብ በስተደቡብ የሐኪም ጋራ ቆሞ ይታያል። (ጋራው ስሙን ያገኘው ከአው ሐኪም እንጂ ከሕክምና ሙያ አይደለም።) የሐረሪን ክልል የሚከበው የምሥራቅ ሐረርጌ ገጠርም በአብዛኛው ወጣ ገባና ተዳፋት ነው። ገበሬው ጫቱን፣ ማሽላውንና ቡናውን የሚያለማው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው፤ ቤቱንም የሚሠራው ከማሳው አጠገብ ነው። በዚህ ገጠር የሚጎዳ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያውን፤ ጉዳቱ ሲከብድም ሐረር የሚገኘውን የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሕይወት ፋና ሆስፒታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ለሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ይልቅም ለጤና ኬላውና ለጤና ጣቢያው የሚጠቅም ነው።

ተራራው በዚህ አካባቢ ምን ማውረድ እንደሚችልም ታይቷል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከድሬዳዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በተኙበት የደረሰባቸውን ከ250 በላይ ሰዎች ገድሏል። በዚያ ሌሊት የወረደው አፈር ሳይሆን ጎርፍ ነበር። ነገር ግን ደጋው በአንድ ሌሊት የሚቀበለው የዝናብ መጠን ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያሳየ አደጋ ነው፤ ተዳፋትን የሚያስደረምሰውም በዋነኛነት ይኸው ውኃ ነው።

ከበረዶ ናዳ የተገኘ ዕውቀት

ከተዳፋት ላይ ወርዶ ሰውን ስለሚቀብር ነገር የሕክምና ሳይንስ ከሁሉ አብልጦ ያጠናው የበረዶ ናዳን ነው። በሀገራችን በራስ ደጀን ጫፍ ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢታይም ለናዳ የሚበቃ ክምችት አይፈጠርም። በአልፕስ ተራሮችና በሰሜን አሜሪካ ግን ከተዘጋጁት የመንሸራተቻ ሜዳዎች ወጥተው፣ ቀጥ ያለውን ተራራ በእግራቸው እየወጡ በስኪ የሚወርዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በየዓመቱም ከእነርሱ መካከል በናዳ የሚሞቱ አይታጡም። የሞቱትና የተረፉት ስንት ደቂቃ ተቀብረው እንደቆዩ ለአሥርተ ዓመታት ሲመዘገብ በመኖሩ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ተከማችቷል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከስዊዘርላንድ መዝገቦች ተጠናቅሮ የታተመው ጥናት ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ መሆኑን፣ 35 ደቂቃ ሲሞላ ግን ወደ 30 በመቶ እንደሚያሽቆለቁል አሳይቶ ነበር። ይህ አኃዝ ለረጅም ጊዜ ለመላው ዓለም የተራራ ሕክምና መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። እስከ 2020 ያለውን መረጃ የጨመረውና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲስ ጥናት ደግሞ ያንን ጊዜ ይበልጥ አሳጥሮታል፤ የመትረፍ ዕድል በፍጥነት መውረድ የሚጀምረው ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ መሆኑ ተረጋግጧል። ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው መታፈን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በመጋጨት የሚደርስ ጉዳት ሲሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ቅዝቃዜ አይደለም፤ ቅዝቃዜ ከመግደሉ በፊት የአየር እጦት ይቀድመዋል።

በአፈር ሥር የሚኖረው ጊዜ ከዚህም እንደሚያጥር ለመገመት ምክንያት አለ። የተናደ በረዶ አንድ ሜትር ኩብ ሲለካ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡም አየር ያሳልፋል። ውኃ የጠገበ አፈር ግን እስከ 2,000 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ አየርም አያሳልፍም። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ አፈር የተኛበት ደረት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አፉና አፍንጫው ክፍት ቢሆኑ እንኳ ደረቱን ከፍ አድርጎ አየር ማስገባት አይችልም። በመሬት ናዳ ለሰዓታት ተቀብረው በሕይወት የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የወደቀ ጣሪያ፣ ምሰሶ ወይም አልጋ ከሸክሙ የከለለላቸውና አየር ያለው ክፍተት የተረፈላቸው ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽና ከባድ ነው። ከሐረር የሚነሳ አምቡላንስ በ10 ደቂቃ ውስጥ በምሥራቅ ሐረርጌ ተራራ ላይ ወዳለ ቤት አይደርስም። በአልፕስ ሄሊኮፕተር ባለበት ሁኔታ እንኳ ብዙውን ሰው የሚያድነው አብሮት የነበረው ጓደኛው ነው። በእኛም ሀገር የተቀበረን ሰው በሕይወት የማውጣት ዕድል ያለው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም መሮጥ አለበት። ጎፋ ላይ ግን የገደለው ይኸው ሩጫ ነው። የዚያን ቀን የሮጡት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ማንም ሰው የሚያደርገውን አድርገዋል። መታየት ያለበት ጥያቄ ፍጥነትንና የአዳኙን ደኅንነት እንዴት አንድ ላይ መያዝ ይቻላል የሚለው ነው።

ተዳፋቱ ለምን ዳግመኛ ይወርዳል?

አፈር በተዳፋት ላይ ቆሞ የሚቆየው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ሰበቃና መያያዝ፣ እንዲሁም በዕፅዋት ሥር ድጋፍ ነው። ዝናብ ሲበዛ ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ይገፋፋቸዋል፤ ሰበቃው ይቀንሳል፤ የአፈሩ ክብደትም ይጨምራል። ለመንገድ ወይም ለቤት ሲባል የተዳፋቱ ግርጌ ተቆርጦ ከሆነ ከሥር የሚደግፈው ነገር የለም። ሚዛኑ በአንድ ቦታ ሲስት አፈሩ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። አንዴ የወረደ ተራራ የሚወርደውን የጨረሰ ይመስላል፤ ድምፁ ጸጥ ይላል፤ አቧራው ወይም ጭቃው ይረጋል። በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ናዳ ከላይ የተወው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ የሚደግፈው የጠፋ የአፈር ገደል ነው። ከገደሉ በላይ ያለው መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ዝናቡ አሁን የሚገባው በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ጥልቁ ነው። ከታች የተከመረው አፈር ደግሞ ምንጩን ዘግቶ ውኃ ያቁራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ናዳ ማግስትና በዚያው ሰዓት ውስጥ ያለው ተዳፋት ከናዳው በፊት ከነበረው ይልቅ ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል።

በናዳው አቅራቢያ ለሚቆም ሰው የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በተዳፋቱ አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ ወይም የነበረው እየሰፋ መሄዱ፣ ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ማዘንበላቸው፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ መውጣቱ ወይም ንጹሕ የነበረ ምንጭ መደፍረሱ፣ የቤት በር አልዘጋ ማለቱ፣ ትናንሽ ድንጋዮች ሳያቋርጡ መንከባለላቸው፣ ከመሬት ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ። በሸለቆ ውስጥ የሚፈስ ውኃ ዝናብ እየጣለ ሳለ በድንገት መቀነሱም ከላይ ተገድቦ ሊሆን ስለሚችል እጅግ አሳሳቢ ነው። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ ናዳ ሊወርድ እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም፤ የምልክት አለመኖር የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

የለመዱት ተራራ

በበረዶ ናዳ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። ለሞት ከሚያበቁት የናዳ አደጋዎች 90 በመቶ ያህሉን ያስነሳው የተጎጂው ራሱ ወይም የጓደኛው ክብደት ነው፤ ሰዎቹም ብዙ ጊዜ ስለ ናዳ ትምህርት የወሰዱ ናቸው። ኢያን ማካሞን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ700 በላይ አደጋዎችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ አደጋ የሚያስከትለው የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ሰው በችኮላ የሚወስናቸው የተለመዱ ውሳኔዎች ጭምር መሆናቸውን አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዱ መልመድ ነው። አንድን ተዳፋት ደጋግሞ ተሻግሮ ምንም ያልገጠመው ሰው፣ ትምህርት ያለው ቢሆንም፣ በማያውቀው ቦታ የሚያደርገውን ጥንቃቄ በሚያውቀው ላይ ይተወዋል። ሌላው ከሰው ማነስን መፍራት ነው፤ ሁሉም ሲገባ እኔ ብቻ ልቅር ማለት ይከብዳል። ሦስተኛው ደግሞ ለተሰማሚው ሰው ፍርድን አሳልፎ መስጠት ነው፤ እርሱ ከገባ ያውቃል ማለት ነው ይባላል።

ሦስቱም ለሐረርጌ ገጠር እንግዳ አይደሉም። አያቱ ያረሱትን ተዳፋት ዛሬ የሚያርስ ገበሬ ተራራው ይወርዳል ብሎ አያምንም፤ የማያምንበትም በቂ ምክንያት አለው፤ እስካሁን አልወረደምና። የእርዳታ ጥሪ ሲሰማ ወደኋላ ማለት ደግሞ በባህላችን ነውር ነው። በሐረር አፎቻው፣ በሌላውም አካባቢ ዕድሩ፣ ሰው ሲሞትም ሆነ ሲቸገር አባላቱን በአጭር ጊዜ ማሰባሰብ የሚችል ጠንካራ ማኅበር ነው። የትኛውም የመንግሥት መዋቅር በዚያ ፍጥነት ሰው አያሰባስብም። በተደረመሰ ተራራ ሥር ግን ይኸው ጥንካሬ መቶ ሰው በአንድ ቦታ እንዲቆም ያደርጋል። ሦስተኛው ነጥብ ባለሙያውን በቀጥታ ይነካዋል። ጋውን የለበሰ ወይም የሕክምና ቦርሳ የያዘ ሰው ወደ ናዳው ሲገባ ያየ ሕዝብ ቦታው አስተማማኝ ነው ብሎ ይከተለዋል። ባለሙያው በዚያች ሰዓት በራሱ ሕይወት ላይ ብቻ አይወስንም።

በቦታው ላይ

የበረዶ ተራራ ወጪዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መልስ ቀላል ነው። አደገኛውን ተዳፋት ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሻገሩትም፤ አንድ ሰው ሲሻገር ሌሎቹ ከናዳው መንገድ ውጭ ቆመው ያዩታል። ናዳ ወርዶ ሰው ሲቀበርም ከመግባታቸው በፊት የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ከላይ ሌላ የሚወርድ አለ ወይ የሚል ነው። ጥያቄው የሚወስደው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሆንም። ከዚያ ጥቂቶች ይገባሉ፤ አንዱ ከውጭ ሆኖ ተራራውን ይመለከታል።

ይህ ሥርዓት መሣሪያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በማንኛውም ቀበሌ ሊሠራበት ይችላል። ከናዳው ጎን፣ ከፍ ባለና አፈሩ በማይደርስበት ቦታ ላይ የተዳፋቱን አናት ማየት የሚችል ሰው ይቆማል፤ ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ አይቆፍርም፤ አይላላክም። ፊሽካ ወይም የመኪና ጡሩምባ ይሰጠዋል፤ ሲነፋ ሁሉም እንደሚወጣ አስቀድሞ ይነገራል። የሚሸሹበት አቅጣጫም ከመግባታቸው በፊት ይወሰናል። አቅጣጫውም ወደ ጎን ነው፤ ከሚወርድ ናዳ ፊት ቁልቁል ሮጦ ያመለጠ ጥቂት ነውና። የሚቆፍሩት ጥቂቶች ሆነው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ የቀረው ሕዝብ ከሸለቆው ማዶ ወይም ከጎን ባለ ጉብታ ላይ ይጠብቃል። ሕዝቡን እዚያ ማቆየት ከቁፋሮው ይልቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለዚህ የሚሰሙት የሃይማኖት አባት፣ የአፎቻ ወይም የዕድር ሹም ይመደባል። ሥራ የሌለው ሰው ስለማይቆም ሥራ መስጠትም ይረዳል፤ ቃሬዛ ማዘጋጀት፣ መንገድ መጥረግ፣ ውኃ ማምጣት፣ በየቤቱ ማን እንደነበረ መቁጠር። የመጨረሻው በተለይ ዋጋ አለው፤ በቤት ውስጥ ማንም እንዳልነበረ ከታወቀ ለባዶ ቤት ሕይወት አይጣልም።

የጤና ባለሙያው ቦታ ከናዳው መንገድ ውጭ ነው። የሕክምናው ጣቢያ ለቁፋሮው ቅርብ እንዲሆን ሲባል በተዳፋቱ ግርጌ የሚተከልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ተጎጂውን ከአንድ አደጋ አውጥቶ ወደ ሌላ ማስገባት ነው። አምቡላንሱም ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ባለሙያው የተቀበረ ሰው ፊቱ እስኪገለጥ ከጠበቀና ያኔ ለአጭር ጊዜ ከገባ፣ ብቸኛ የሕክምና ዕውቀት ያለውን ሰው ቀበሌው አያጣውም። ዝናቡ ከቀጠለ፣ ስንጥቁ ከሰፋ ወይም ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ ሥራው ይቆማል። የተቀበረው ሰው ድምፅ እየተሰማ ሥራ አቁሙ ማለት ከባድ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ከናዳው በፊት ካልታሰበበት በዚያች ሰዓት የሚወስነው ሰው አይገኝም።

የተቀበረውን ሰው ሲያወጡ

ቁፋሮው የሚጀመረው ከተቀበረው ሰው ጎን ወይም ከታች ነው፤ ከላይ ሆነው ከቆፈሩ የቆፋሪው ክብደት ያው ሰው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የሚገለጠው ፊቱ ነው፤ ወዲያውኑም ደረቱ። እጁ ወይም እግሩ ስለታየ በዚያው መጎተት አከርካሪን ሊጎዳ፣ ክንድንም ሊነቅል ይችላል። አፉና አፍንጫው ላይ ያለው ጭቃ በጣት ይጠረጋል፤ የአንገት ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ጭንቅላቱ ወደኋላ ከመቀልበስ ይልቅ መንጋጋው ወደፊት ይገፋል። ትንፋሽ ከሌለው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መታፈን ነውና፣ እንደ ሰጠመ ሰው ሁሉ ማነቃቂያው ከትንፋሽ መስጠት ይጀምራል፤ ደረት መጫን ብቻውን በቂ አይሆንም። ደረቱ ተጨቁኖ የቆየ ሰው ፊቱና አንገቱ ጠቁሮ፣ በቆዳውና በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ደም ረግቶ ሊታይ ይችላል፤ መልኩ ያስደነግጣል እንጂ የሞት ምልክት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ባለሙያው ከሌላው አዳኝ የሚለይበት ነው። ለረጅም ጊዜ ጭኑ ወይም ቂጡ በአፈር፣ በድንጋይ ወይም በምሰሶ ተጭኖ የቆየ ሰው ከተቀበረበት ሲወጣ እያወራ፣ ውኃ እየለመነ ሊሆን ይችላል። ሸክሙ በተነሳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ግን ልቡ ሊቆም ይችላል። ክራሽ ሲንድረም በሚል ስም የሚታወቀውን ይህን ሁኔታ ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1941 በለንደን በአውሮፕላን ድብደባ ከፍርስራሽ ሥር በወጡ ሰዎች ላይ ገልጸውታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመኒያ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም ከፍርስራሹ በሕይወት ከወጡት መካከል በኩላሊት መድከም የተጎዱት እጅግ ብዙ ስለነበሩ፣ የኩላሊት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚደርስ ግብረ ኃይል ለማቋቋም በቅቷል።

የአሠራሩ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። የተጨፈለቀ ጡንቻ ሕዋሳቱ ተሰባብረው ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ይለቃሉ። ሸክሙ እስካለ ድረስ ደም ወደ ጡንቻው ስለማይመላለስ እነዚህ እዚያው ታስረው ይቆያሉ። ሸክሙ ሲነሳ ፖታሲየሙ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይደርሳል፤ በዚያው ቅጽበትም ከደም ሥር የወጣ ብዙ ፈሳሽ ወደተጎዳው ጡንቻ ይገባና የደም ግፊት ይወርዳል። ማዮግሎቢኑ ደግሞ በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናት ኩላሊትን ይደፍናል። ሽንቱ ጥቁር ሻይ ሲመስል ይህ እየሆነ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው መጀመር ያለበት ሰውየው ነጻ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንድ ክንዱ እንኳ ከተገለጠ የደም ሥር ተከፍቶ ኖርማል ሳላይን ይሰጠዋል፤ ለአዋቂ ሰው መነሻው በሰዓት 1 ሊትር ሲሆን፣ ለሕፃን በሰዓት በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው። ማውጣቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ከወሰደ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል። አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። ሪንገርስ ላክቴት ፖታሲየም ስላለው አይመረጥም፤ በጤና ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ሁለቱ ፈሳሾች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ በጥድፊያ ጊዜ መለየቱ ቀላል ስሕተት የሚፈጠርበት ነው። ሕይወትን የሚያሰጋ የደም መፍሰስ ከሌለ ቱርኒኬት አይታሰርም። ሽንቱ በካቴተር ይለካል፤ ቀለሙም ይመዘገባል።

ሆስፒታል ሲደርስ በቅድሚያ ኢሲጂ ይነሳል፤ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ፖታሲየም ከፍ ማለቱን ሊያሳውቅ የሚችለው እርሱ ነው። የቲ ሞገዱ ሾሎ ከቆመ ወይም ኪውአርኤስ ከሰፋ ካልሲየም ግሉኮኔት ሳይዘገይ ይሰጣል፤ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋርና በትንፋሽ የሚሰጥ ሳልቡታሞልም ይከተላሉ። ሽንቱ ካልመጣ ፈሳሽ እያበዙ መጠበቅ ሳንባን ይሞላል፤ ያኔ የኩላሊት እጥበት ወደሚሰጥበት ቦታ የሚላክበት ሰዓት ነው። የላኪው ወረቀት ላይ ሰውየው ስንት ሰዓት ተጭኖ እንደቆየና ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ፈሳሽ እንደተሰጠው መጻፉ ለተቀባዩ ሐኪም ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ከናዳ ለሚወጣ ሰው ብቻ አይደለም። በጁገል ጠባብ መንገዶች ውስጥ ክረምት የጠጣ የድንጋይ ግንብ የወደቀበት ሰው ሕክምናውም ያው ነው።

ቀኑ ከመሸ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አልፈው በሕይወት የሚገኝ ሰው ተስፋ ሲመናመን ሌላ ጫና ይመጣል። ቤተሰብ አስከሬኑን አግኝቶ በወጉ መቅበር ይፈልጋል፤ በእስልምናም ሆነ በክርስትና ይህ ግዴታ ነው፤ በሙስሊሞች ዘንድ በተለይ ቀብር ሳይዘገይ መፈጸም አለበት። ስለዚህ ቁፋሮው የሕይወት ማዳን መሆኑ ካበቃ በኋላም በዚያው ጥድፊያ ይቀጥላል። በዚህ ወቅት የጤና ባለሙያው ለአስተዳደሩና ለሽማግሌዎች ሊያስረዳው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። በአደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን በተደጋጋሚ አስታውቋል። እንዲህ ከሆነ በወረርሽኝ ፍርሃት ተገፋፍቶ ያልተረጋጋ ተዳፋት ሥር ሰው ማስገባት አያስፈልግም፤ ማንነት ሳይለይ በጅምላ መቅበርም አያስፈልግም። ወረርሽኝ የሚያሰጋው በሕይወት የተረፉት ከቤታቸው ተፈናቅለው በአንድ ትምህርት ቤት ሲታጨቁ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሲያጡ ነው፤ ባለሙያው ትኩረቱን ወደዚያ ያዞራል።

አዳኞቹም ታካሚዎች ናቸው። በባዶ እጁ ለሰዓታት የቆፈረ ሰው ጣቶቹ ተቆርጠው፣ በቁስሉም ጭቃ ገብቶ ይገኛል፤ ቁስሉ ታጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ይጠየቃል። ሙሉ ቀን ያለ ውኃ የቆፈረ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ እርሱም ይመረመራል። ከአፈሩ ሥር የዘመዱን ድምፅ ሰምቶ ያልደረሰለት ሰው ደግሞ በሐዘን ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይታያል፤ ወደ ጤና ኬላ ሄዶ አልተኛም አይልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ከአርባው በኋላም ስሙን ይዛ እንድትጠይቀው ያስፈልጋል።